በእኛ ወንበር ማን ተቀመጠ?

ትኬቶቹን የሸጥኳቸው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ዓርብ አልፎ ቅዳሜ ኦገስት 6 ቀን 2022 ገብቷል፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ 16ኛው ጎዳና ዳር። ልጄ ከኋላ ቀበቶውን እንዳሰረ እንቅልፍ ጥሎታል። ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወርዷል፤ ካርቶኗን ግን ተኝቶም አልለቀቃትም። ስልኬን አወጣሁ፣ የዋሽንግተኑን የቴኒስ ውድድር የግማሽ ፍጻሜ ሁለት ትኬቶች ከፈትኩ፣ «ሽጥ» የሚለውን ተጫንኩ። እያንዳንዱን በ85 ዶላር የገዛሁትን በ210 አቀረብኩት። ገና ሞተር ሳላስነሳ ስልኩ ነዘረ፤ ተሸጠዋል። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ያቺ ደስታ እስካሁን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰክታ ቀርታለች።

ቴኒስን ሳውቀው ባለትኬት ሆኜ አይደለም። አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ጓሮ በነበረ የሸክላ አፈር ሜዳ ላይ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት እንደወጣን ደብተራችንን አጥር ሥር ሸጉጠን ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ ኳስ እየለቀምን እናቀብል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ትበራለች። ትንሽ ጠንከር ብላ ከተመታች አጥር ዘላ ጎረቤት ግቢ ነው የምትገባው። ውሻ ያለበት ግቢ ገብቶ እሷን ማምጣት የእኛ ፋንታ ነው። ካልተገኘች ከዕለቱ ሳንቲማችን ላይ ትቆረጣለች። ፀጉሯ አልቆ የተጣለች ኳስ ስናገኝ ደግሞ ከሆቴሉ ግድግዳ ጋር በጣውላ እየመታን እስኪመሽ እንጫወት ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ራኬት ይዤ ከመስመሩ ወደ ውስጥ አንድ ቀን አልቆምኩም። ይህን የማነሳው እንዲታዘንልኝ አይደለም። አሜሪካ ገብቼ ልጅ ሲሰጠኝ ለራሴ የገባሁት ቃል ስላለ ነው፦ እሱ ቴኒስን ከአጥር ውጭ ቆሞ አያይም ብዬ ነበር።

እግዚአብሔርም ሰበብ እንዳላበዛ አድርጎ ነው ያኖረኝ። ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ16ኛው ጎዳና ቀጥ ብለው ወደ ከተማው ሲወርዱ፣ ኬኔዲ መንገድ ጋ በቀኝ በኩል፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ ዛፎች መሀል፣ 7,500 ሰው የሚይዘው የዋሽንግተን የቴኒስ ስታዲየም አለ። በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቦታው እዚያ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ውድድሩ በ1969 ሲመሠረት ጥቁር አሜሪካዊው አርተር አሽ የአሜሪካን ኦፕን በወሰደ ማግስት ነበር። ቴኒስ በነጮች ክለብ አጥር በታጠረበት በዚያ ዘመን እኔ የምጫወተው ጥቁርና ነጭ አብሮ በሚኖርበት፣ ጥቁር ተመልካች ሳይሸማቀቅ በሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ነው ብሎ ጸና። በ1973 ዋንጫውን እዚያው ራሱ አነሳው። ከስታዲየሙ ወደ ምሥራቅ በእግር ዘለቅ ካሉ ጆርጂያ ጎዳና ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የሐበሻ ሱቅ የተኮለኮለበት። አሽ ያን ቦታ ሲመርጥ እኛ ገና አልመጣንም። የመረጠው ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ያበላሸሁት ነገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያንገበግበኝም።

በዚያ ሰመር ለውድድሩ የሦስት ቀን ትኬት ገዛሁ፤ ለሰኞ፣ ለዓርብና ለቅዳሜ፣ ሁለት ሁለት። የምሠራው የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ለሦስቱ ቀናት ፈቃድ የጠየቅሁት ከወራት በፊት ነበር። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ትኬቱን ስገዛ ማን እንደሚጫወት አላውቅም። የተጫዋቾቹ ዝርዝር ሲወጣ ግን አንዱ ስም ላይ ዓይኔ ተተከለ፤ ሚካኤል ይመር።

የይመርን ልጆች የማያውቅ ካለ፦ አባታቸው ወንድወሰን ለኢትዮጵያ የሮጠ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። በ1980ዎቹ ስዊድን ገብቶ እዚያው ቀረ። እናታቸው ሐኪም ናት። ትልቁ ኤልያስ በ1996፣ ሚካኤል በ1998 ተወለዱ፤ ሁለቱም ለስዊድን በዓለም ታላላቅ ውድድሮች ተጫውተዋል። ሚካኤል ሰርቩ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው እግሩ ነው። አልቋል ያልከው ኳስ ላይ ይደርሳል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይደርሳል። የሯጭ ልጅ መሆኑን ሳይነግሩህ ታውቃለህ።

ሰኞ ኦገስት 1 ተጋጣሚው አንዲ መሪ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ዊምብልደንን የወሰደ፣ የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው። ሙቀቱ የጉድ ነው። ልጄ ውኃውን አናቱ ላይ ያፈሳል። የመጀመሪያውን ዙር ሚካኤል በታይ ብሬክ ወሰደው፣ ሁለተኛውን መሪ 6 ለ 4 መለሰ። ስታዲየሙ የመሪ ነው፤ ቢሆን አይፈረድበትም። ከኋላችን ግን ነጠላቸውን ከፀሐዩ መከለያ ራሳቸው ላይ ጣል ያደረጉ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ይመስለኛል ይዟቸው የመጣው። ሚካኤል አንድ ነጥብ ባገባ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። ኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የወንድወሰን፣ እማማ። ሯጭ ነበሩ አባቱ።»

«አሃ» አሉ፣ በቃ ገባኝ በሚል ድምፅ። «እኔ እኮ አሯሯጡን አይቼ ነው።»

ሦስተኛውን ዙር 6 ለ 1 ሲያሸንፍ ልጄ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ልጄ ኢትዮጵያን አያውቅም። አማርኛ ሲያወራ ቃሎቹ እግር የሚያወጡ ሕፃናት ይመስላሉ። የኔ አገር የምለው ነገር ለሱ የእናቱ ወጥና የቤተ ክርስቲያን ረጅም ሰዓት ነው። ያን ቀን ግን አንድ ጠይም፣ ስሙ እንደ ክርስትና አባቱ ስም ሚካኤል የሆነ ወጣት፣ ሜዳው መሀል እጁን ወደ ሰማይ ሲዘረጋ፣ ዞሮ አየኝና «አባዬ፣ እሱ የኛ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ያን ማታ እናቱን «አይዞህ ሚካኤል» በፊደል ጻፊልኝ ብሎ፣ ከሱ ላይ እያየ በትልቅ ካርቶን ገለበጠው። «ል»ን አሳስቷት በላይዋ ደግሞ ጻፈባት፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ሁሉ ወፍራም ሆና ቀረች። ሚካኤል ደግሞ እያሸነፈ ቀጠለ። ሳምንቱን ሙሉ ልጄ ቁርሱን ሲበላ የሚጠይቀኝ ስለ ቅዳሜ ነው።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ከልጄ ጋር ሄድን። ሐሙስ ማታ መብረቅና ዝናብ ስለነበረ ፕሮግራሙ ተጨናንቋል። የሌሊቱ ጨዋታ ፍራንሲስ ቲያፎና ኒክ ኪርዮስ ናቸው፤ ያሸነፈው ቅዳሜ ሚካኤልን ይገጥማል። ቲያፎ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፣ ከኛ ቤት ብዙም የማይርቀው የሃያትስቪል። ታሪኩን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ ስደተኛ ነው። በ1999 ኮሌጅ ፓርክ ላይ የወጣቶች የቴኒስ ማሠልጠኛ ሲገነባ በቀን ሠራተኝነት ገባ፤ ሲያልቅ ጠጋኝና ጽዳት ሆኖ ተቀጠረ። እዚያው በተሰጠችው ክፍል መንታ ልጆቹን ይዞ ያድር ነበር። ፍራንሲስ ራኬት የጨበጠው በዚያ በር ነው።

ጨዋታው እኩለ ሌሊትን አለፈ። በሁለተኛው ዙር ታይ ብሬክ ቲያፎ የማሸነፊያ ነጥብ እጁ ላይ ደረሰች፤ አመለጠችው። ደግሞ ደረሰች፣ ደግሞ አመለጠች። አምስት ጊዜ። በአምስቱም ኪርዮስ ከአፉ ነጠቀው፣ ከዚያ ሦስተኛውን ዙር 6 ለ 2 ጨረሰው። በዚያ ጩኸት መሀል ነው ኪሴ ውስጥ ስልኬ የነዘረው። አለቃዬ ነው፦ ነገ ሁለት ሰው ጎድሎብኛል፣ 16 ሰዓት ትገባለህ? ክፍያው አንድ ተኩል ነው።

መኪና ውስጥ ሂሳቡን ሠራሁት። ኪርዮስ ከወር በፊት የዊምብልደን ፍጻሜ ስለደረሰ የቅዳሜው ትኬት ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። ሁለቱን ብሸጥ 420 ዶላር። በላዩ የ16 ሰዓት ኦቨርታይም። በዚያ ብር በወሩ መጨረሻ ልጁን ኒው ዮርክ፣ አሜሪካን ኦፕን እወስደዋለሁ፤ ትልቁን ውድድር፣ በአሽ ስም የተሰየመውን ስታዲየም ያያል። ደግሞም ኪርዮስ እስካሁን ሜዳ ላይ አምሽቶ ነገ ምን እግር ይኖረዋል? ሚካኤል ይረታዋል፤ እሑድ ለፍጻሜው እንገባለን። ሁሉም ልክ መጣልኝ። ድሃ ሆኖ ያደገ ሰው ሂሳብ ሲሠራ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይረሳል፦ አንዳንድ ቀን ምትክ የለውም። የተሸጠችው ትኬት ቀን መሆኗ አልታየኝም። ወረቀት ናት ብዬ ነው የሸጥኳት፤ እንዲያውም ወረቀት እንኳ አይደለችም፣ ስልክ ላይ ያለች ሥዕል።

ጠዋት ልጁ ሳይነቃ ወጣሁ። ለእናቱ ነገርኳትና አንቺ ንገሪው አልኳት። ፊት ለፊት ልነግረው አለመድፈሬ ራሱ ምልክት ነበር፤ አላነበብኩትም። ረፋድ ላይ ደወለ። «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው? ልብሴን ለብሻለሁ።» እናቱ አልነገረችውም ነበር፤ ጨክና ልትነግረው አልቻለችም። እኔ ነገርኩት። እሑድ ለፍጻሜው እወስድሃለሁ፣ ኒው ዮርክ ደግሞ እንሄዳለን አልኩት። አላለቀሰም። «እሺ» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ «እሺ» ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የትልቅ ሰው «እሺ» ነው።

ጨዋታውን እሱ በቴሌቪዥን አየው። እኔ መክፈያው መስኮት ጋ ተቀምጬ ውጤቱን በስልክ እከታተላለሁ። የመጀመሪያው ዙር 6 ለ 6 ሆነ። ታይ ብሬክ። ቁጥሩን እያየሁ ሳለ አንዲት ሴት ካርዴ አልሠራም ብላ መስኮቱን አንኳኳች፤ አስተናግጄ ስመለስ 7 ለ 4 አልቋል፣ ለኪርዮስ። ሁለተኛው ዙር 6 ለ 3። አበቃ። ወዲያው ልጄ ደወለ። እንዴት እንደተሸነፈ ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር።

«አባዬ» አለኝ፣ «ካሜራው ሲዞር የኛን መስመር አየሁት። በእኛ ወንበር ማን ተቀመጠ?»

መልስ አልነበረኝም። ማን እንደገዛው አላውቅም። ምናልባት ለኪርዮስ ያጨበጨበ ሰው ይሆናል። እኛ ብንኖር ሚካኤል ያሸንፍ ነበር አልልም፤ በተመልካች ጩኸት ጨዋታ እንደማይገለበጥ አውቃለሁ። ግን 7,500 ሰው መሀል በገዛ ፊደሉ የተጻፈ አንድ ካርቶን ይኖር ነበር። ሚካኤል ባያየውም ልጄ ይይዘው ነበር። በታይ ብሬኩ እጄን ይጨብጥ ነበር። ሲሸነፍም አብረን እናዝን ነበር፤ አብሮ ማዘንም እኮ ሀብት ነው።

በማግስቱ ፍልሰታ ይገባ ነበርና ባለቤቴ ለቅበላ ዶሮ ሠርታ ጠብቃኛለች። ቤት ስደርስ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ጾሙ ገብቷል። ሰሃኑ ተከድኖ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አደረ። ካርቶኗ ሶፋው ጀርባ ተገፍታ ነበር፤ አንስቼ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኳት። እሑድ ኪርዮስ ጃፓናዊውን ኒሺዮካን አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው አልነበረም።

ኒው ዮርክስ? ኦገስት 9 ሴሪና ዊልያምስ ልትሰናበት መሆኗን አስታወቀች፤ የአሜሪካን ኦፕን ትኬት ከዚያ ወዲያ የሚቀመስ አልሆነም። 420ው ዶላር በዚያው ሰሞን የመኪናው ፍሬን ላይ ዋለ። ሴፕቴምበር 2፣ ሴሪና ከቶምሊያኖቪች ጋር ከሦስት ሰዓት በላይ ተናንቃ ስትሰናበት ሳሎን ተቀምጠን አየናት። ግድ የለም፣ ሁሉም ሰው ያየው በቴሌቪዥን ነው። የሌበር ዴይ ሰኞ ግን ሌላ ነው። ሥራ የሚዘጋበት፣ ልጄ ቤት የሚውልበት፣ በአውቶቡስ ኒው ዮርክ ለመድረስ አራት አምስት ሰዓት የሚበቃበት ቀን ነበር። የውጪ ሜዳዎቹን መግቢያ ብቻ ገዝተን ግቢው ውስጥ ትልቁ ስክሪን ሥር ብንቆም ይበቃን ነበር። እኔ ግን የበዓል ክፍያ አለው ብዬ ሥራ ገባሁ። ያን ቀን ቲያፎ፣ ያ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ፣ ራፋኤል ናዳልን በአራት ዙር አሰናበተው። ከዚያም ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ ከአሽ ወዲህ፣ ከ1972 ጀምሮ፣ እዚያ የደረሰ ጥቁር አሜሪካዊ ወንድ አልነበረም።

የቲያፎን አባት ሳስብ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። እሱም እንደኔ ስደተኛ ነው፤ ከኔ ይልቅ ደክሟል። የእሱ ድካም ልጆቹን ሜዳው ውስጥ አስገባቸው። እኔ ልጄን ትኬት ካለው ሜዳ አውጥቼ፣ ወንበሩን ሸጬ፣ እሱን ለማስደሰት ብዬ ሥራ ገባሁ። በልጅነቴ ከአጥር ውጭ ያቆመኝ ድህነት ነበር። ልጄን ከአጥር ውጭ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ዓመት እክሰዋለሁ አልኩ። በ2023 ሚካኤል ከዓለም 50ኛ ደረሰ። ጁላይ ላይ ዊምብልደን ውስጥ ከቴይለር ፍሪትዝ ጋር ሁለት ዙር ተመርቶ ሦስቱን በተከታታይ አሸነፈ። ልጄ ከእንቅልፉ ቀስቅሶኝ ነው የነገረኝ። ለዋሽንግተን ቅዳሜና እሑድ ትኬት ገዛሁ፤ ካርቶኗን ከቁም ሣጥኑ አወረድኳት፣ አቧራዋን ጠረግኩላት። ጁላይ 17 ወሬው መጣ፦ ከሦስት የመድኃኒት ምርመራ ቀጠሮዎች በመቅረቱ ለ18 ወር ታገደ። ብዙም ሳይቆይ ከቴኒስ ወጣሁ አለ። እገዳው አልፎ በ2025 ወደ ሜዳ ተመልሷል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያ ግማሽ ፍጻሜ፣ ያ ስታዲየም፣ ያ የ11 ዓመት ልጅ ሦስቱ በአንድ ቀን የተገናኙት አንዴ ነው።

በ2025 ጁላይም ሄድኩ፣ ብቻዬን። ልጄን ስጠይቀው ከጓደኞቹ ጋር የቅርጫት ኳስ ቀጠሮ አለኝ አለኝ፤ 14 ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ጎርንኗል። ቬነስ ዊልያምስ ትጫወት ነበር። በዚያ በ2022ቱ ሰኞ እዚያው ሜዳ ላይ ተሸንፋ ስትወጣ እኛ ቤት ገብተን ስለነበር አላየናትም። አሁን በ45 ዓመቷ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሳትጫወት ቆይታ፣ ስተርንስን 6 ለ 3፣ 6 ለ 4 አሸነፈች። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔም ቆምኩ። ዓይኔ ግን በዚያኛው ወገን ሁለቱን ወንበሮች ይፈልግ ነበር። አንድ ባልና ሚስት ተቀምጠውባቸዋል።

ቤት ገባሁ። ልጄ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። ቬነስን ብታያት፣ በ45 ዓመቷ፣ ብዬ ጀመርኩለት።

«አየሁት፣ አባዬ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «በስልክ።»